ለሚበር ሰው የተያዘ ወረፋ

በዚያ ዘመን መጠበቅ የማያውቅ ሰው ኮልፌ ውስጥ መኖር አይችልም ነበር። ስኳር እንጠብቃለን፤ ዘይት እንጠብቃለን፤ ፌርማታው ላይ ቆመን አውቶቡስ እንጠብቃለን፤ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲያልፈን ደግሞ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን። እኔ ራሴ መንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩበት ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፋይል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እስኪያልፍ መጠበቅ ነበር። ስለዚህ ስለ መጠበቅ የማወራችሁ በሙያዬ ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ልምዴ፣ ሰፈራችን ያንን የሚበር ሰውዬ የጠበቀውን ያህል ማንም ምንም ሲጠብቅ አላየሁም።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ጋሽ ሽኩር ሱቅ። ስልኩ ሲጮህ ጋሽ ሽኩር ደጃፋቸው ላይ ወጥተው የተፈለገውን ሰው ስም ይጣራሉ። የተጠራው ሰው ይመጣል፤ ያልተጠራነውም እንመጣለን። ስልኩ ስለማያሰማ ሁሉም የሚያወራው እየጮኸ ነው፣ ስለዚህ ማዳመጥ እንደ ነውር አይቆጠርም። የሚጮህ ሰው እያለ ጆሮ መድፈን ራሱ ክፋት ይመስላል።

ያን ቀን የተጠሩት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፣ የግድግዳ ጎረቤቴ። እትዬ ብዙነሽ ልጅ አልወለዱም፤ ያሳደጉት እናታቸው ስትሞት በእጃቸው የቀረውን ታናሽ ወንድማቸውን ጌታቸውን ነው። ጌታቸው አድጎ መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ሆነ። መርከብ ከተሳፈረ ወዲህ ግን ከአሰብ ይደውላል እንጂ ቤት ብቅ ብሎ አያውቅም። እሳቸው ስለ እሱ ሲያወሩ «ልጄ» ይሉና ቆይተው «ወንድሜ» ብለው ያርማሉ።

«ጌታቸው፣ አንተ ነህ?» ብለው ጮኹ። «መቼ ነው የምትመጣው? ከፋሲካ በኋላ? ማልልኝ። ምን? ምንድን ነው ደግሞ እሱ? እሺ፣ እሺ፣ አንተ ብቻ ና።»

ስልኩን ሲዘጉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ከፋሲካ በኋላ ይመጣል» አሉን።

«ምን ይዤ እመጣለሁ አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ መሆኔን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብነግራችሁ ይሻላል።

«እኔ እንጃ ልጄ። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ መጫወቻ ነው አለኝ። ካባ የለበሰ ሰውዬ አለበት አሉ። ይበራል አሉ። እናንተ በእጃችሁ እየነዳችሁት፣ እሳት ከያዘው ቤት ሰው ያወጣል። ለሰፈሩ ሰው ነው ብሏል።»

እትዬ ብዙነሽ ከዚያ ስልክ ይዘው የሄዱት «እመጣለሁ» የሚለውን ነው። እኛ ይዘን የሄድነው «ይበራል» የሚለውን ነው። እሳቸው በማግስቱ የጌታቸውን ክፍል ጭቃ አስመረጉ። እኛ ደግሞ በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ማን እንደሆነ አሰብን።

ያለኝ እኔ ነበርኩ። ሀብታም ሆኜ አይደለም፤ አጎቴ ወደ ክፍለ ሀገር ሲዛወር አደራ ብሎ የተወልኝ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፈሩ የሚያውቀኝ ዕቁብ ላይ አርፍጄ በመምጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰው አንቱ ይለኝ ጀመር። ገና ሠላሳ እንኳ ያልሞላኝ ወንደላጤ «እንዴት አደሩ?» ስባል መጀመሪያ ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመውን ሽማግሌ ፈለግኩ። ዳቦ ወረፋ ላይ «እርስዎ ይለፉ» አሉኝ። የጎረቤት ማኅበር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀምጠው ቅልጥም አወጡልኝ። ቅልጥሙን እየመጠጥኩ፣ ይህ ክብር ለእኔ ይገባኛል ብዬ አምኜ ነበር። ሰው እንዴት ቶሎ እንደሚበላሽ አታውቁም።

ተስፋው ደግሞ በየቀኑ ይፋፋል። ሰውዬውን ያየው የለም፤ ሁሉም ግን ጠባዩን ያውቀዋል። አንዱ አውቶቡስ በአንድ እጁ ያነሳል ይላል። ሌላው የሚያነሳው ሰው የሞላበትን ነው ወይስ ባዶውን ብሎ ይከራከራል። ጋሽ ሽኩር ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚያስቡት ሌላ ነው። «እንግዲህ የሚበር ከሆነ» ይላሉ ሚዛናቸውን እየጠረጉ፣ «ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሲያመጣ ኬላ አይነካውም ማለት ነው።» ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ደግሞ ካባ የሚለውን ሰምተው «ሙሽራ ነው ወይስ ቄስ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሙሽራም ቄስም ሳይሆን ጀግና ነው አልኳቸው። «ጀግና ከሆነ ካባውን ማን ሸለመው?» አሉኝ። ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

እኔም በበኩሌ ልምምድ ጀመርኩ። ሰውዬው የሚነዳው እንደ ማርሽ ባለ ዘንግ ነው ሲባል ሰምቼ፣ ቢሮ ውስጥ የማኅተሙን እጀታ ጨብጬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እገፋለሁ። አንዱን ሕንፃ አልፌ ሌላው ላይ ስደርስ ከወንበሬ ትንሽ ብድግ እላለሁ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ኖሯል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ማኅተሙ እንዳይደርቅ ብዬ ነው» አልኩት።

አለቃዬ ብዙ ካየኝ በኋላ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማኅተም የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ወደ ሌላ ሠራተኛ መራው፤ ለልምምድ ሰፊ ጊዜ አገኘሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ድንጋዩ ነው። በዚያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል፤ ያልኖረ ካለ ልንገረው። የቀበሌ ሱቅ ዕቃ መጣ ሲባል ሰው ቆሞ መዋል ስለማይችል በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩ ሰውየውን ወክሎ ይሰለፋል። የራሱን ድንጋይ የማያውቅ አልነበረም፣ የሌላውን ድንጋይ መግፋትም ሰውየውን መግፋት ነው። እንግዲህ አንድ ጠዋት በሬን ከፍቼ ስወጣ ደፉ ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። የጨዋታውን ወረፋ አንድ ቀዳሚ ይዟል ማለት ነው። ጨዋታው ገና ባሕር ላይ ነው፣ ወረፋው ግን ከበሬ ጀመረ።

ማታ ከሥራ ስመለስ ድንጋዩ ወልዶ ተዋልዶ ደርሷል። ከበሬ ተነሥቶ በአጥሩ ሥር ሄዶ፣ በጋሽ ሽኩር ሱቅ ታጥፎ፣ ወደ አስፋልቱ ወርዷል። ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ነጭ ድንጋይ አለ፣ ጡብ አለ፣ አንዱማ የወፍጮ ስባሪ አምጥቶ አስቀምጧል። ቤቱ የእኔ፣ ቴሌቪዥኑም በአደራ የእኔ ሆኖ ሳለ፣ ድንጋይ ያላስቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ደንግጬ ሮጥኩና የራሴን ፈልጌ አመጣሁ። ጭራ ላይ አስቀመጥኩት። በራሴ ቤት ወረፋ መጨረሻ ሆንኩ ማለት ነው፤ አንቱታው እዚህ ላይ ለምን እንዳልረዳኝ አልገባኝም።

ያኔ የሰፈሩን ሰው እንጂ የአላፊውን መንገደኛ አላሰብንም ነበር። የድንጋይ ረድፍ አስፋልት ዳር ያየ መንገደኛ ምን ያስባል? ዕቃ መጥቷል ነው የሚለው። በማግስቱ ከቀራንዮ የመጡ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ከድንጋዮቹ ኋላ ቆሙ። ከሰዓት በኋላ ከሳንሱሲ ድረስ ሰምቻለሁ ያለ ሰው ጆንያ ታቅፎ መጣ።

«ዘይት ነው ስኳር?» አለችኝ አንዷ።

«ምንም አይደለም፣ እቴ። ጨዋታ ነው።»

«ለዘመዶችህ ልታስቀር ነው አይደል?»

«እውነቴን ነው፣ ምንም የለም። የሚበር ሰው ነው የምንጠብቀው።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጀሪካናቸውን ዘቅዝቀው ቁጭ አሉበት። ምንም የለም ማለት፣ በዚያ ዘመን፣ ጥሩ ነገር አለ ማለት ነበር። ፀሐዩ በረታ፣ ረድፉም ረዘመ። የእኔ ድንጋይ ከሰው መሀል ጠፋ። ሲመሽ ሰዎቹ እየተራገሙ ሄዱ፤ በቦታቸው ግን ድንጋይ አስቀምጠው ነው የሄዱት።

ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። በግለሰብ ቤት የድብቅ ማከፋፈያ ተከፍቷል ተባለ። ይህ በዚያን ጊዜ ቀልድ አይደለም፤ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር የሚባል ስም ያለው ነገር ነው። ጠሩኝ። አዳራሹ ስገባ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቧል፤ ከፊት ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው የምታከፋፍለው?» አሉኝ።

«ምንም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጨዋታ ነው፣ እሱም ገና አልመጣም።»

«ያልመጣ ነገር ታከፋፍላለህ?»

ያልመጣ ነገር ማከፋፈልን ከቀበሌያችን በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህን ግን በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ ነገሩን ከስልኩ ጀምሬ አስረዳሁ። እሳት፣ ቤት፣ የሚበር ሰው፣ ካባ። ካባ ስል ጓድ ታደሰ ቀና አሉ።

«ካባ የፊውዳል ልብስ ነው» አሉ። «ደግሞስ፣ ይህ ግለሰብ ሕዝቡን የሚያድነው ብቻውን ነው?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሰፊው ሕዝብ በዚያን ጊዜ የት ነው ያለው?»

«ቤት ውስጥ ነው። እሳት ይዞታል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከዚያ ውይይቱ ተጀመረ፤ ውይይት ሲጀመር ደግሞ ታውቃላችሁ። አንዱ ተነሥቶ ሰውዬው ካባውን ከተወ ሊታይ ይችላል አለ። ሌላው ካባውን ካወለቀ እንዴት ይበራል አለ። አንዱ በማኅበር ቢደራጅ አለ። እኔ ቆሜ ስሰማ፣ ይህ ሰውዬ ከእኔ ጋር ይታሰር ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት ጋሽ ሽኩር ናቸው።

«ሰውዬው በራሱ አይበርም፣ ጓዶች» አሉ። «የሚነዳው ሕዝቡ ነው፣ በተራ በተራ። እንግዲህ ሕዝቡ ከነዳው ብቻውን ሠራ አይባልም።»

ጓድ ታደሰ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። የሚጠብቁት መውጫ ኖሯል፤ ለካስ እሳቸውም ሰውዬውን ማየት ይፈልጋሉ። ጭብጨባው ሊጀመር ሲል እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እኔ ስለ መብረሩ የማውቀው የለኝም» አሉ። «የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወንድሜ ሲመጣ በዚህ ነገር የሚጠይቀው ሰው አለ ወይ? ካለ ስልክ ሲደውል ልንገረው። ዕቃው ይቅርና ባዶ እጁን ይምጣልኝ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጸጥ ያልነው ለእሳቸው አዝነን አልነበረም። «ባዶ እጁን» የሚለው ነው ያስደነገጠን።

«ማንም አይጠይቀውም፣ እትዬ» አሉ ጓድ ታደሰ። «በእኔ ይጣሉት።»

«እንደዚያ ከሆነ እሺ» ብለው ተቀመጡ። እኛ አጨበጨብን። ስብሰባው ያለቀው፣ የመጀመሪያው ድንጋይ የሊቀመንበሩ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተስማምቶ ነው።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደም። እትዬ ብዙነሽ የጌታቸውን አልጋ አነጠፉ፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተው እየመቱ ያስገባሉ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ «የኔ ነው?» ይላሉ፤ ጋሽ ሽኩር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም እመጣለሁ። ሁለታችን ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ቆመን እንጠብቃለን። አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርገው «አንተም ናፈቀህ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጌታቸውን አይቼው አላውቅም።

ክረምቱ ገባ፣ ድንጋዮቹን ሙጃ ዋጣቸው። እንዲህ ባለ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጮኹ፤ አንድ ረጅም ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ የእትዬ ብዙነሽን በር አንኳኳ። መርከበኛ መሆኑ ከጫማው ያስታውቃል። ጭቃ ላይ እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ጫማ ኮልፌ አይደፈርም። ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ እኔም በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጌታቸው መጣ ብለን ነው።

ሰውዬው ጌታቸው አልነበረም። የጌታቸው ጓደኛ ነው። እትዬ ብዙነሽ ከኋላው ወደ መንገዱ እያዩ ነው፣ ሌላ ሰው የሚከተለው መስሏቸው።

«እሱ አልመጣም፣ እትዬ» አለ ሰውዬው ዝቅ ባለ ድምፅ። «መርከባችን ካቆመችበት አገር ወርዶ እዚያው ቀረ። አይመለስም። ግን ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ይህን ለሰፈሩ ስጥልኝ ብሎ ላከኝ።»

ቦርሳውን ዘረጋ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አላነሡም። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከሰውዬው ንግግር ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ መርጦ የሰማው «ደህና ነው» የሚለውን ነው፤ ይህ በቅቶን ወደ እኔ ቤት ጎረፍን።

አልጋዬን ከነልብሱ ዝናብ ላይ አወጡት። የአንቴናውን ገመድ ነቅለን የመጫወቻውን ሰካን። ስክሪኑ መጀመሪያ ጨለመ፣ ቀጥሎ ሕንፃዎች ቆሙ፣ በመጨረሻ ሰውዬው ብቅ አለ። እንግዲህ ያ ሁሉ ጉድ የተነገረለት ጀግና አራት ማዕዘን ነው። አናት ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፣ ራሱ ናት። ከኋላው ደብዛዛ የሆነች ሌላ ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፣ ካባው መሆን አለባት። ሥር ላይ ደግሞ የሚርገበገብ ነገር አለ፣ እሱም እሳት ነው ብለን ተስማማን።

«ፊቱ የታለ?» አለ አንዱ።

«ከኋላ ነው የምታየው» አልኩት። የምወደውን ሰው የሰደቡብኝ ያህል ተሰማኝ።

ጓድ ታደሰ አጭር ንግግር አድርገው ዘንጉን ያዙ፤ ሰውዬውን ወዲያው ከሕንፃ ጋር አላተሙት። አጨበጨብን። ጋሽ ሽኩር ትንሽ አራመዱት። ድንጋይ በድንጋይ እየተባለ ተራው ወረደ፤ ከሁሉም ጫፍ የቀረሁ እኔ ስለነበርኩ የእኔ ተራ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። ዘንጉን ጨበጥኩ። ያ ሁሉ የማኅተም ልምምድ በጣቶቼ ውስጥ ይዘላል። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና እትዬ ብዙነሽ ገቡ። ነጠላቸው ከዝናቡ ርሷል።

ድንጋይ አልነበራቸውም። ከመጀመሪያውም ወረፋ አልያዙም። ሰው ገለል አለላቸውና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

«የላከው ይኼንን ነው?» አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። የጠበቅነው ለሁላችንም መጣ፣ ለእሳቸው ብቻ አልመጣም። ተነሥቼ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ ዘንጉንም እጃቸው ላይ አደረግኩ። እንዲህ ሲያደርጉት ይሄዳል ብዬ አሳየኋቸው።

ወደ ቀኝ ገፉት። ሰውዬው በረረ። እሳቱን አለፈው፣ ሕንፃዎቹን አለፋቸው፣ በስክሪኑ ጫፍ በኩል ወጥቶ ጠፋ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸው ደረቀ። ወዲያው ደግሞ በስተግራ ጫፍ በኩል ብቅ አለ። ጨዋታው እንደዚያ ነው፤ በአንድ በኩል ሲወጣ በሌላው ይገባል። እኛ ስንጋጭ ስለዋልን ይህን ልብ ያለው አልነበረም።

«ተመለሰ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

እንደገና ገፉት። ሄደ፤ ጠፋ፤ መጣ። «ተመለሰ» አሉ ቀስ ብለው። ሥር ያለው እሳት ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ አንዱ ሕንፃ ነደደ፣ ቀጥሎ ሌላው። እትዬ ብዙነሽ ሰውዬውን ይሰዱታል፣ ባዶውን ስክሪን ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ሲመጣ ይተነፍሳሉ። ከተማው በሙሉ ተቃጠለ፤ ቤት ሙሉ ሰው ቆመን አየን፤ ተራዎ አልቋል ያላቸው ግን አልነበረም።